በባዶ መጋዘን የተቀዳው ዘፈን

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ኪቦርድ እጫወታለሁ። አሰላ ውስጥ ሁለቱንም ሥራዬን የሚያውቁ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ተማሪዎቼ ቅዳሜ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ካገኙኝ አንገታቸውን ደፍተው በጎን ይሹለካሉ፤ እኔም እንዳላየ እሆናለሁ። ሰኞ ጠዋት ስንገናኝ ግን የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ የሙሽራ ዘፈን ያንጎራጉራሉ።

ስለ ኪቦርድ አስቀድሜ ትንሽ ላስረዳ። ሮክ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ጊታር ነው። ጊታሩ ይጮኻል፣ ድራሙ ይደበድባል፣ ዘፋኙ ፊት ለፊት ቆሞ ላብ በላብ ይሆናል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ከጎን ቆሞ እጁን ሲያንቀሳቅስ ብቻ ነው የሚታየው። ነገር ግን ግራ እጁን ከኦርጋኑ ድምፅ ላይ ቢያነሳ ዘፈኑ በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ሰሚው ምን እንደጎደለ መናገር አይችልም፤ አንድ ነገር መጉደሉን ግን ወዲያው ያውቃል። እኔ ይህን ሥራ ወድጄው ነበር። ፊት መቆም አልፈልግም ነበር፤ ፊት የሚቆምልኝ ጓደኛ ስለነበረኝ።

ከእሱ ጋር የተዋወቅነው ዘጠነኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው። ጊታር ይጫወታል፣ ድምፁ ሻካራና ሰፊ ነው፣ ሰው ፊት ሲቆም አያፍርም። ቀን ቀን የግንባታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሚስማርና ቀለም ይሸጥ ነበር። ድራም የሚመታልን ሦስተኛው ጓደኛችን ጎሚስታ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ስለሚውል ክንዱ ለድራም የተሠራ ይመስላል። ወሬውን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሰዋል፤ ሲናደድ ሁለቱንም ትቶ ድራሙን ይመታዋል።

በከተማችን ሮክ ለመስማት ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው የለም። ስለዚህ እንደማንኛውም ሙዚቀኛ የሠርግ ሥራ እንሠራ ነበር። ዴራ፣ አርቦዬ፣ አንዳንዴም ከዚያ ራቅ ብለን እንሄዳለን። ሰው ምሳ ላይ ሲሆን፣ ማለትም አፉ ሥራ ይዞ መቃወም በማይችልበት ሰዓት፣ ከራሳችን ዘፈኖች አንዷን ሹልክ አድርገን እናስገባለን። አርቦዬ ላይ እንደዚያ ስናደርግ አንድ ሽማግሌ ሳህናቸውን አስቀምጠው መጡና ጓደኛዬን በትከሻው ያዙት።

«ልጄ፣ ስፒከሩ ተቀደደ እንዴ?»

«አይ አባባ፣ የጊታሩ ድምፅ ነው። ሆን ብለን ነው እንዲህ ያደረግነው።»

«ሆን ብላችሁ?» አሉ ዞር ብለው ሁላችንንም እያዩ። «እናንተ ልጆች፣ ሰው በሰላም ቀን ሆን ብሎ እንዲህ ያደርጋል?»

ጎሚስታው ከኋላ ሆኖ «አባባ፣ አይዞዎት፣ ከተቀደደ እኔ እለጥፈዋለሁ!» አላቸው። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። እኛም ወደ ሙሽራ ዘፈናችን ተመለስን።

የምንለማመደው የጓደኛዬ አጎት የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። አጎትየው ገብስና ስንዴ ነጋዴ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ኋላ የመጣው ሁሉ የሚገባው ይህ ሲገባ ነው። ድምፅ ጠንካራ ነገር ሲያገኝ ተመልሶ ይመጣል፤ ለስላሳ ነገር ሲያገኝ ይዋጣል። አዝመራው ገብቶ መጋዘኑ በገብስ ጆንያ እስከ ጣሪያው ሲሞላ ድምፃችንን ጆንያው ይውጠዋል። ያኔ የምንጫወተው ሁሉ ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ ስሕተት አይደበቅም። ክረምት ሲመጣ ግን እህሉ ተሸጦ ያልቃል። ሲሚንቶው ወለል፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው ብቻ ይቀራሉ። ያኔ አንድ ኖታ ስነካ ድምፁ ጥግ ጥጉን ዞሮ፣ ቆርቆሮውን ነክቶ፣ ዘግይቶ ወደ እኔ ይመለሳል። ስለዚህ የእኛ ባንድ የበጋ ዘፈንና የክረምት ዘፈን ነበረው። የበጋዎቹ ፈጣን ናቸው፤ የክረምቶቹ ዝግ ያሉና ክፍተት ያላቸው፣ ምክንያቱም ቤቱ ራሱ አብሮን ስለሚጫወት ቦታ መተው ነበረብን።

ይህ የማወራው ዘፈን የክረምት ዘፈን ነው። የሠራሁት ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ሆኖ ሳለ፣ ብቻዬን መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጬ ነው።

ስለ እናቴ ነው። እናቴ የሞተችው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ነው። ቤታችን ከከተማው በላይ በጭላሎ ተራራ በኩል ስለሆነ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ አጥራችን እንኳ አይታይም። ልጅ ሆኜ ስጫወት ጉም ከያዘኝ ባለሁበት እንድቆም አዝዛኝ ነበር። ቆሜ እጠብቃለሁ። እሷ ከደጅ ሆና ስሜን ትጠራለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን እስክደርስ ድረስ እየደጋገመች። እኔም ድምፁን ተከትዬ እሄዳለሁ። ግጥሙ ሁሉ ይኸው ነው፤ አዝማቹም እንዲህ ይላል፦

ጉም ወርዶ ደጁን ሲሸፍነው፣ አጥሩንም ሲጋርደው፣
ጥሪኝ እማ፣ ድምፅሽ ነው መንገዴ፣ እሱን ነው የምሄደው።

መግቢያውን በኦርጋን ድምፅ፣ በባቲ ቅኝት ሠራሁት። ሦስት ኖታ እነካና ዝም እላለሁ፤ መጋዘኑ ይመልስልኛል። ከዚያ ሌላ ሦስት። ጥሪና መልስ እንዲመስል ነው።

ጓደኛዬ ከሥራ ወጥቶ ሲመጣ ከነግጥሙ ተጫወትኩለት። ዝናብ ቆርቆሮውን እየመታው ነበር። ስልኩን አውጥቶ ሊቀዳኝ ወለሉ ላይ አስቀመጠና «እንደገና ከመጀመሪያው» አለኝ። ደግሜ ተጫወትኩ። ስጨርስ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርግ ነበር።

«ይሄን ለማንም እንዳታሰማ» አለኝ። «የእውነቴን ነው የምልህ። ሰው አይታመንም፤ ይሰርቁሃል።»

«ማን ይሰርቀኛል? ከቆርቆሮው ሌላ ማን ሰማኝ?»

«ሳቅ አንተ። መምህር ስለሆንክ ዓለም ሁሉ ደብተር የሚያሳይህ ይመስልሃል።»

ለማንም አላሰማሁም። ለአባቴም ጭምር። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው በገጠር ትምህርት ቤቶች ነው። እኔ መምህር መሆኔ የሕይወቱ ትልቁ ደስታ ነው። ኪቦርዴን ግን «ያ ዕቃህ» ነው የሚለው። አይከለክለኝም፣ አይሳደብም፤ ልጅ በጭቃ ሲጫወት አይቶ እንደሚያልፍ ሰው ነው የሚያልፈኝ። የእኔ ሐሳብ ዘፈኑን በደንብ አስቀድቼ ላሰማው ነበር። አንድ ጊዜ ስለ ሚስቱ የተሠራ ዘፈን ሰምቶ «ይሄ ዘፈን ነው» እንዲለኝ ነበር የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ዝና አልፈለግሁም፣ አዲስ አበባ መሄድም አልፈለግሁም። ያቺን ቃል ከእሱ አፍ መስማት ብቻ።

መስከረም ላይ ጓደኛዬ አዲስ አበባ ሄደ። «ለሦስታችንም ስቱዲዮ እፈልጋለሁ» ብሎን ነው የሄደው። መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው፤ ጊታሩን ጎሚስታው ተሸክሞለት ነበር። መጀመሪያ በየቀኑ ይደውላል። በኋላ በየሳምንቱ። ጥር ላይ እኔና ጎሚስታው አንድ ሌላ ዘፋኝ ይዘን የሠርግ ሥራ ቀጠልን። መጋቢት ሲደርስ ስልኩን ማንሳት ተወ። ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ።

መጋቢት ላይ አሥረኛ ክፍልን የማስተምረው ስለ ድምፅ ነበር። የገደል ማሚቶን በሰሌዳ ላይ ማስረዳት ይቻላል፤ ተማሪው ግን በጆሮው ካልሰማው አይገባውም። ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ እያንዳንዱ ድምፅ የሚመለስበት ቦታ ፈልጎ በስልክ ይቅዳ፤ በክፍል ውስጥ አሰምቶ ድምፁ የተቀዳበት ቦታ ምን ዓይነት እንደሆነ ያስረዳ። ስልክ ወደ ግቢ ማስገባት ክልክል ነው፤ ለዚያ ቀን ብቻ አስፈቀድኩ።

አንዱ የውኃ ታንከር ውስጥ ጮኾ መጣ። ሌላው ድልድይ ሥር የፈረስ ጋሪ ሲያልፍ ቀድቶ መጣ፤ በጣም ጥሩ ነበር። ከዚያ ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ተነሣች።

«ቲቸር፣ እኔ ራሴ አልቀዳሁም። ግን ዘፈን ውስጥ ያገኘሁት ነው። ይቻላል?»

«ማስረዳት ከቻልሽ ይቻላል።»

ስልኳን ከፍ አድርጋ ያዘች። ሦስት ኖታ። ዝምታ። ሦስት ኖታ።

ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። አስታውሳለሁ፣ ጠመኔውን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ልጅቷ ስልኩን አቁማ ማስረዳት ጀመረች። «ይሄ ስቱዲዮ አይደለም ቲቸር። ትልቅ ቤት ነው፤ ዕቃ የለውም። ዕቃ ቢኖረው ድምፁ ይዋጥ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ጆሮዎን ቢያስጠጉ ዝናብ ይሰማል። ወለሉ ደግሞ አፈር አይደለም፣ ሲሚንቶ ይመስለኛል።»

ሁሉንም መለሰችው። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ ያለ መልስ ከተማሪ ሰምቼ አላውቅም። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።

«ይቀጥል! ይቀጥል!» አሉ ከኋላ። ልጅቷ እኔን አየችኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ቀጠለ። ከመግቢያው በኋላ መጋዘኑ ጠፋና የስቱዲዮ ድራም ገባ፣ ከዚያም የጓደኛዬ ድምፅ። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግማሹ ክፍል አብሮ ዘፈነ። ቃሉን ሁሉም ያውቁታል። ጥሪኝ ውዴ፣ ድምፅሽ ነው መንገዴ። ውዴ። ከኋላ ያሉት ወንዶች ወደ ሴቶቹ እየዞሩ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነው የሚዘፍኑት።

«ግጥምና ዜማው የማን ነው?» አልኩ። ድምፄ የመምህር ድምፅ እንዲሆን ሞከርኩ።

«የራሱ ነው ቲቸር። እዚህ ተጽፏል። ደግሞ የአሰላ ልጅ እኮ ነው! አያውቁትም?»

«አውቀዋለሁ» አልኩ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ስለ ድምፅ ፍጥነት አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

በቀጥታ የሄድኩት ጎሚስታው ዘንድ ነው። የመኪና ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልግ ነበር። ፊቴን ሲያይ ጎማውን ለቀቀው።

«ማል ታቴ?» አለኝ። ምን ሆንክ ማለቱ ነው። «ሰው ሞተ?»

«ዘፈኑን ሰማህ?»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ሹፌር መኪናው ውስጥ ከፍቶት መጣ» አለ። «ጎማውን እየፈታሁ ሰማሁት። ሁለታችሁ የተስማማችሁ መስሎኝ ነበር። እኔን ብቻ የረሳችሁኝ መስሎኝ ተቀይሜህ ነበር እኮ።»

«እኔ አላወቅሁም።»

«ወላሂ?»

«አላወቅሁም አልኩህ።»

ጎማውን እንደገና አንሥቶ ውኃው ውስጥ ደፈቀው። «ድራሙን በማሽን ነው የሠሩት» አለ። «ሰማህ አይደል? አንተን መግቢያው ላይ ትተውሃል። እኔን ግን ከነዘሬ ነው ያጠፉኝ።» ሊያስቀኝ ነበር። አልሳቅንም።

ለምን መግቢያውን እንደተዉት ያኔ ገብቶኝ ነበር። በስቱዲዮ ሊሠሩት ሞክረው አልሆነላቸውም። ኖታዎቹን ማንም ሊነካቸው ይችላል፤ የባዶ መጋዘን ክረምት ግን አዲስ አበባ አይገኝም። ስለዚህ የእኔን እጅ እንዳለ ቆርጠው ለጠፉት። የሰረቀኝ ሰው ልብሴን ሳይቀይር በአደባባይ ለብሶት እንደሚሄድ ነው የተሰማኝ።

ቤት ስደርስ አባቴ ሳሎን ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። ጫማዬን እያወለቅሁ ሳለ ዘፈኑ መጣ። ለምን ዛሬ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት በየቀኑ ይመጣ የነበረውን ያስተዋልኩት ያን ቀን ይሆናል።

«እስቲ ድምፁን ጨምርልኝ» አለኝ።

ጨመርኩለት። አባቴ ወደ ሬዲዮው ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሙዚቃ እንዲህ ሲያዳምጥ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ሲያልቅ ቀና አለና ሻይ እንዳለ ጠየቀኝ። የእኔ መሆኑን አልነገርኩትም። ምን ልበለው? ማስረጃዬ አንዲት ተማሪ ስለ ቆርቆሮ የተናገረችው ነገር ነው። ዘፈኑን ወዶታል፤ ልቤ የፈለገው ነገር ሆኗል፤ ነገር ግን በሌላ ሰው ስም ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው ላይ በመጣ ቁጥር ያስጨምረኛል። እኔም እየተነሣሁ እጨምርለታለሁ። ይህን ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ በላይ ቃል የለኝም።

ጓደኛዬ ለፋሲካ መጣ። ሰው እንደነገረኝ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሄድኩ። ጥቁር መነጽር አድርጓል። ሁለት ልጃገረዶች አብረውት ፎቶ እየተነሡ ነበር። ሲያየኝ ብድግ አለና አቀፈኝ፤ እኔም፣ እስካሁን ለምን እንደሆነ አይገባኝም፣ አቀፍኩት።

«መምህሩ! ከሳህ እኮ። ምን ይምጣልህ?»

«ምንም። ዘፈኑ የማን ነው?»

ልጃገረዶቹ እስኪሄዱ ጠበቀ። መነጽሩን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ይኸውልህ» አለ፣ «እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ግን አስበው። አንተ ከዚህ ከተማ አትወጣም። ትወጣለህ? አትወጣም። ጠዋት ሰልፍ አለህ፣ ፈተና አለህ። ያ ዘፈን ከአንተ ጋር ቢቀር የሚሰሙት አይጦች ናቸው።»

«ስሜን መጻፍ ምን ይከብዳል?»

«የሚያሳትመው ሰው ዘፋኝም ደራሲም አንድ ሲሆን ይሻላል አለ። እንደዚህ ነው አሠራሩ። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።»

«እማ የሚለውንስ? እሱንም አሠራሩ ነው?»

እዚህ ላይ ዓይኑን አነሣ። «ሰው ለእናቱ አይጨፍርም» አለ በቀስታ። «ለፍቅረኛ ሲሆን ነው ሰው የሚይዘው። አንድ ቃል ናት እኮ።»

ፊቱ የነበረውን የቡና ስኒ ገፋሁት፤ ቡናው ነጩ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ሆን ብዬ አልነበረም፤ ግን አላዘንኩም።

«እሺ፣ ግፋኝ» አለ ተነሥቶ ሸሚዙን እያራገፈ። «ግን ሌባ እንዳትለኝ። እኔ በወጉ ነው የሄድኩት። ሽማግሌ ልኬአለሁ።»

«ወዴት?»

«ምን ወዴት አለው? ቤታችሁ ነዋ። አልነገሩህም?» ፊቴን አየና የእሱም ፊት ተለወጠ። «አልነገሩህም እንዴ? አባትህን ጠይቅ። ነገሩ አልቋል እኮ።»

ከሆቴሉ እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት ባጃጅ አልያዝኩም። አካባቢያችን የሰው ጠብ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ነው የሚያልቀው። ይህ ጥሩ ወግ ነው፤ ለተማሪዎቼም ጥሩ መሆኑን ነግሬአቸው አውቃለሁ። የበደለ ሰው የተከበሩ አዛውንቶችን ይዞ ወደ ተበዳይ ቤት ይሄዳል፤ የቤቱ ባለቤት ይቅር ካለ ነገሩ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ያነሣው ሰው እሱ ነው ጥፋተኛው። እኔ ግን እስከዚያ ቀን አንድ ነገር አስቤ አላውቅም ነበር። የቤቱ ባለቤት የተባለው ማን ነው? በእኛ ቤት ባለቤቱ አባቴ ነው። ተበዳዩ ደግሞ እኔ ነኝ።

አባቴ ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ፊቱ ቆምኩ።

«ሽማግሌ መጥቶ ነበር?»

ወዲያው ገባው። አልካደም፤ አባቴ ዋሽቶ አያውቅም። «ጥር ላይ» አለ። «አንተ አርቦዬ ለሠርግ የሄድክ ዕለት። ተቀመጥ።»

«እቆማለሁ። ማን ማን ነበሩ?»

«የእድራችን ሊቀመንበር፣ የልጁ አጎት፣ አብሮኝ ያስተማረው ጓደኛዬ። እናትህን የቀበሩ ሰዎች ናቸው። እንዴት አድርጌ እንዲሁ ልመልሳቸው?»

«ምን አሉ?»

«ልጁ ራሱ ነው የተናገረው። አልደበቀም። ‹ልጅዎ የሠራው ዘፈን ነው፤ ብጠይቀው እምቢ ይለኛል፤ እርስዎ ይፍቀዱልኝ› አለ። ከዚያ ጊታሩን አወጣና እዚሁ ሳሎን ዘፈነው።»

«ዘፈነልዎት?»

«ዘፈነው።» አባቴ እጁን ዓይኑ ላይ አደረገ። «ሽማግሌዎቹ ፊት አለቀስኩ። ‹ይሄ ዘፈን ነው› አልኩ።»

ከሁሉም በላይ የቆረጠኝ ይህ ነው። ስሜን መውሰዱን፣ እጄን መውሰዱን እችለው ነበር። ያቺ ቃል ግን ለእኔ ተብላ የተቀመጠች ነበረች፤ ሌላ ሰው፣ እኔ በሌለሁበት፣ በእኔ ዘፈን፣ ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ ወሰዳት። አባቴም አውጥቶ ሰጠው።

«እና ፈቀዱ» አልኩ።

«አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። እናትየው ትቆይ አልኩ። ‹እማ› የሚለው እንዳይነካ። ልጁ ማለልኝ፤ ሽማግሌዎቹም ሰሙ። ከዚያ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ ጆሮዬ መስሎኝ ነበር። ድምፁን አስጨምሬ ስሰማም ያው ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምናልባት ሌላ ቅጂ ይኖራል እያልኩ።»

ለካ ወዶት አልነበረም የሚያስጨምረኝ። እናቴን ይፈልጋት ነበር።

አዘንኩለት። ግን ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰበት። ሁለታችንንም አታልሎናል፤ አባቴ የተታለለው ግን የእኔን ዕቃ አሳልፎ በሰጠበት ውል ነው።

«ለምን እኔን አልጠየቁኝም?» አልኩ። «ማታ እመለስ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ቢጠብቁ።»

«ብጠይቅህ ዘፈኑን ይዘህ አንተ ራስህ ትሄድ ነበር» አለ። «አይቼዋለሁ እኮ። እንደዚያ ያለ ነገር የሠራ ሰው ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። እኔ ሚስቴን ቀብሬአለሁ። ልጄ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ጥሎ፣ እዚያ ሄዶ፣ የሰው በረንዳ ላይ ሲለምን ማየት አልፈለግሁም። ዘፈኑ ይሂድ፣ አንተ ትቀር አልኩ።»

«ለመሄድ አስቤ አላውቅም።»

«እሱን እኔ በምን አውቃለሁ?»

«በመጠየቅ።»

ጎረቤታችን አጥር ተደግፈው ለመስማት ሲሞክሩ አየሁና ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። አባቴ ዱላውን ይዞ ተነሣ። «ሽማግሌዎቹን ልጥራቸው» አለ። «ቃሉን አፍርሷል። እነሱ ፊት ነው የማለው። ይመጣል፣ ቃሉን ይመልሳል፣ ይቅርታ ይልሃል፣ ታረቁና ይለቅ።»

ይህ የእሱ መንገድ ነው፤ ሌላ መንገድ አያውቅም። ሰዎቹ መጥተው ሳሎናችን ሲቀመጡ፣ እኔ ጥግ ቆሜ፣ አባቴ ስለ እኔ ሲናገር ታየኝ። ጓደኛዬ ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል። ሁሉም «በቃ፣ በቃ» ሲሉ። እኔም እሺ ስል።

«አይጥሯቸው» አልኩ።

«እንዴት? ቃሉን አፍርሷል እኮ።»

«አይጥሯቸው። እምቢ ብያለሁ።»

«ልጁን ነው እምቢ የምትለው?»

«አይደለም» አልኩ። «እርስዎን ነው።»

በሃያ ሰባት ዓመቴ አባቴን እምቢ ያልኩት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት አላስታውስም። አባቴ ወንበሩን ወደ ፀሐዩ አዙሮ ተቀመጠ። እኔም ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ይህን እየጻፍኩ ያለሁት እዚያው ቤት ሆኜ ነው። ምሳ አብረን እንበላለን፤ ስለ ፈተና ውጤት ይጠይቀኛል፣ እነግረዋለሁ። ስለ ዘፈኑ ግን ሰው ሲጠይቀኝ ዝም አልልም። ባለፈው ሳምንት ያቺ ተማሪ መግቢያውን የተጫወተው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። «ግጥሙም ዜማውም የእኔ ነው። ውዴ የሚለው ስሕተት ነው፤ እማ ነው የሚባለው።» ከኋላ አንዱ ተማሪ «ቲቸር ቀልድ ይወዳሉ» አለ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ደብተሯን ከፍታ አንድ ነገር ጻፈች። እኔም ወደ ሰሌዳው ዞሬ ትምህርቱን ቀጠልኩ።